ጎልማሳው ጀማሪ በጭፈራ መካከል፤ በአቃቂ ቃሊቲ የሌላውን ሕዝብ ውዝዋዜ ስለ መማር

ስለ ኢትዮጵያ ውዝዋዜ የጻፉ ሊቃውንት ዓይናቸውን የጣሉት በአብዛኛው ጭፈራውን ከልጅነቱ ጀምሮ በሚያውቀው ሰው ላይ ነው። ሃንጋሪያዊው ጊዮርጊ ማርቲን ከባልደረባው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር በ1965 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ካጠና በኋላ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የውዝዋዜን ዓይነቶች የሚለይ ጽሑፍ አሳተመ። ቲቦር ቫዳሺም ከ1970 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች የትግራይን፣ የጉራጌን፣ የወሎንና የኦሮሞን ውዝዋዜ መርምሮ ገለጠ። እነዚህ ሥራዎች ለተማሪ ሁሉ መነሻ ሆነው ይኖራሉ። ሆኖም እንዲህ ባለው አገላለጥ ውስጥ ስፍራ የማያገኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም 30 ወይም 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ያልተወለደበትን ሕዝብ ጭፈራ ለመማር የሚነሣው ጎልማሳ ጀማሪ ነው።

ይህን ሰው ተመልካች ብዙ ጊዜ በፈገግታ ያልፈዋል። ጥናት አድራጊ ግን ሊያልፈው አይገባም። ጭፈራውን ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የለመደ ሰው «እንዴት ታደርገዋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው «እንዲህ ነዋ!» ብሎ ትከሻውን በመስበቅ ነው። የሚሠራበትን ሕግ በቃል ሊገልጠው አይችልም። ጀማሪው ግን ሕጉን ባለማወቅ ይጥሰዋል፤ በተጣሰም ጊዜ ሕጉ መኖሩ ይታወቃል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ የጎልማሳው ጀማሪ ስሕተት የውዝዋዜን ሥርዓት ገሃድ የሚያወጣ ማስረጃ መሆኑን፣ እንዲሁም ትምህርቱ ከእግርና ከትከሻ ይልቅ ከሰው ጋር የመቀላቀል ጉዳይ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ስለ ስፍራው

ለዚህ ነገር አቃቂ ቃሊቲን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። አቃቂ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ዙሪያዋም የቱለማ ኦሮሞ ምድር የሆነ ስፍራ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጂቡቲ ምድር ባቡር በዚችው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ከዚያ በኋላ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአካባቢው ሲቋቋሙ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከትግራይና ከሌላውም አገር ሥራ ፈላጊው እየመጣ ተቀመጠ። በአንድ የሸማኔ መኪና ፊት አራት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ፈረቃ ይለዋወጡ ጀመር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሁለተኛ ለውጥ መጥቷል። በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡርም በደቡብ በኩል መጨረሻውን ያደረገው ቃሊቲ ላይ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት የሚታደለው በዕጣ ስለሆነ ጎረቤትን የሚመርጠው ዘመድነት ወይም የትውልድ አገር አይደለም፤ ዕጣ ነው። ቀድሞ በመንደር አንድ ሕዝብ ከየአገሩ ልጅ ጋር ተጠጋግቶ ይሠፍር እንደ ነበረ የሚታወስ ነው። አሁን ግን በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቤተሰቦች አንዱ የሌላውን ልቅሶ ይደርሳል፤ በአንድ ዕድር ይሰበሰባል፤ በአንዱ ድንኳን ይደግሳል። ልጆቻቸውም ይጋባሉ። ጎልማሳውን ለትምህርት የሚያስገድደው እንግዲህ ይህ ኑሮ ነው።

ስለ ቃላቱ

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ቃላቱን መለየት ይገባል። በግዕዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ፣ ተወዛወዘ ማለት ሲሆን፣ በዛሬው አማርኛ ግን «ዘፈን» በድምፅ ለሚባለው ዜማ ተሰጥቷል። «ጭፈራ» ብዙ ሰው በአንድነት የሚያደርገውን ዘፈንና እንቅስቃሴ በአንድ ላይ የሚይዝ ነው። «ውዝዋዜ» ከወዘወዘ የወጣ በመሆኑ የአካልን እንቅስቃሴ ብቻ ያመለክታል። «እስክስታ» በተለይ የትከሻው ነው። «ዳንስ» የሚለው ባዕድ ቃል ደግሞ በከተማ ሰው አነጋገር ከውጭ አገር ለመጣው፣ ወንድና ሴት ተያይዘው ለሚያደርጉት ዓይነት ቀርቷል። የአገራችን ሰው «ዳንስ ተማርኩ» ቢል አያፍርም፤ «ጭፈራ ተማርኩ» ለማለት ግን ይከብደዋል። ጭፈራ ሰው ይዞት የሚያድገው ነገር እንጂ በትምህርት የሚገኝ አይመስለውምና።

ስለ ሕፃንና ስለ ጎልማሳ

ሕፃን ጭፈራን የሚማረው እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ታዝሎ ሳለ የእናቱ ጀርባ ሲርገበገብ ምቱን በደረቱ ይቀበላል፤ መቆም ሲጀምርም ተሳስቶ ቢጨፍር ይጨበጨብለታል። ስሕተቱ እንደ ፍቅር መግለጫ ይቈጠራል። ጎልማሳ ግን ሁለት ዕዳ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው አካሉ ቀድሞ የለመደው ጭፈራ ነው። አማርኛ የለመደ ምላስ ሌላ ቋንቋ ሲናገር የአማርኛ ቃና እንደሚያሰማ ሁሉ፣ እስክስታ የለመደ ትከሻም በሌላው ሕዝብ ጭፈራ ውስጥ ዝም ማለት ይሳነዋል። ሁለተኛው ዕዳ ክብር ነው። የልጆች አባት የሆነ፣ በዕድር ሰብሳቢነት የሚሰየም ሰው በአደባባይ ሲሳሳት የሚጨበጨብለት የለም። ስለዚህ ብዙዎች ድግስ ላይ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እጃቸውን ብቻ እያጨበጨቡ ያመሻሉ፤ ይህም ጨዋነት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው።

ጀማሪው የሚሳሳታቸው ስሕተቶች

አሁን በአቃቂ ቃሊቲ ሰርጎች በተከታታይ የሚሰሙትን ጭፈራዎች እየወሰድን ጀማሪ በየትኛው ላይ ምን እንደሚሳሳት እንመልከት።

በመጀመሪያ እስክስታን እንውሰድ። ከደቡብ ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣ ጀማሪ እስክስታ ሲሞክር ሁለቱን ትከሻዎቹን ወደ ጆሮው ያነሣል፤ አንገቱም ይደርቃል፤ ትንፋሹንም ይይዛል። ዐዋቂው ግን ትንፋሹን በጥርሱ መካከል እየለቀቀ፣ ጉልበቱን አላልቶ፣ ትከሻውን ይጥላል። ሕዝቡ «እስክስታ መውረድ» ሲል ኃይሉ በማንሣቱ ሳይሆን በመጣሉ መሆኑን የሚያመለክት ይመስላል። ቃሉ ራሱ ትምህርት ነው፤ ጀማሪው እስኪሳሳት ድረስ ግን ትምህርት መሆኑ አይስተዋልም። ከዚህም ሌላ፣ በሦስት በሦስት የሚከፈለውን የጭክጭካ ምት ጀማሪው ሁሉንም በእኩል ኃይል ሊመታው ይሞክራል፤ ዐዋቂው ግን አንዱን አጥብቆ ሁለቱን ያሳልፋቸዋል።

ሁለተኛው የሸዋ ኦሮሞ ጭፈራ፣ ረገዳ የሚባለው ነው። በዚህ ጭፈራ መሬቱ እንደ ከበሮ ነው፤ እግር ይረግጠዋል፤ አንገትና ራስ ለእርግጫው ይመልሳሉ፤ ወንዶቹም በእጃቸው ዱላ ይይዛሉ። የጎጃም ወይም የጎንደር ተወላጅ እዚህ ሲገባ የሚሠራው ስሕተት ምንጊዜም አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምት በትከሻው ይመልሳል። እግሩ እንደ ተመልካች ይቆማል። ከዚህ የምንረዳው በየጭፈራው የሚናገር አካልና ዝም የሚል አካል መኖሩን፣ ዝምታውም እንደ ንግግሩ የተወሰነ መሆኑን ነው።

ሦስተኛው የጉራጌ ጭፈራ ነው። ጀማሪው ፈጣኑን ምት ሲሰማ በሙሉ ጉልበቱ ይነሣል፤ ጥቂት ሳይቆይም ትንፋሹ ያጥረዋል። የጉራጌ ተወላጅ ሽማግሌ ግን ጉልበቱን ከፍ ከፍ እያደረገ፣ እጆቹን እያወናጨፈ፣ ብዙ ጊዜ ሳይደክም ይቆያል። ምሥጢሩ እግሩ መሬቱን ነክቶ ወዲያው ስለሚለቀው፣ ክብደቱም ወደ ፊት ዘንበል ባለው ገላው ስለሚሸከም ነው። በረገዳ ክብደት ወደ ምድር ይወርዳል፤ በጉራጌ ጭፈራ ግን ምድሪቱ የምትነካው ለመነሣት ያህል ብቻ ነው። ሁለቱን ለሚያደባልቅ ጀማሪ ልዩነቱን የሚያስተምረው ድካሙ ነው።

አራተኛው የትግርኛው ጓይላ ነው። ይህ ለጀማሪ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ ምክንያቱም መጀመሪያው ከበሮ መቺዎቹን ከቦ በዝግታ መራመድ ስለሆነ ነው። ስሕተቱ ግን በእርምጃው ላይ አይደለም። ጀማሪው ባለበት ቆሞ ፊት ለፊት የሚገጥመውን ሰው ይፈልጋል፤ በዚህም ጊዜ ክቡን ይሰብራል፤ ከኋላው ያሉትም ይቆማሉ። ከበሮው ምቱን ሲለውጥም እርሱ በቀድሞው እርምጃ ይቀጥላል። እንግዲህ የዚህ ጭፈራ ዋና ሕግ በአካል እንቅስቃሴ ውስጥ ሳይሆን በክቡና በከበሮው ትእዛዝ ውስጥ ይገኛል።

አምስተኛው የወላይታ ጭፈራ ሲሆን፣ በዚህ ወገብ ዋናው ተናጋሪ ነው። የሰሜን ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከለው ባለመቻል አይደለም። በተወለደበት አገር ልማድ ወገብን በሽማግሌዎች ፊት ማንቀሳቀስ ነውር ሆኖ ስለሚታየው፣ አካሉ ሳይሞክር ሕሊናው ይከለክለዋል። ስለዚህ ነውር የሚባለው ነገር ድንበሩ ከሕዝብ ሕዝብ የተለየ መሆኑን ተማሪው በገዛ ወገቡ ላይ ያገኘዋል።

ከእነዚህ አምስት ምሳሌዎች ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ። የትኛው አካል ይናገራል? ክብደቱ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች? ጭፈራውስ የሚቀርበው ለማን ነው? ጥናት አድራጊ እነዚህን ጥያቄዎች ለየትኛውም ጭፈራ ሊያቀርባቸው ይችላል።

ስለ አስተማሪዎች

በአገራችን እንቅስቃሴን በሥርዓት የማስተማር ልማድ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። የቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ ምንም እንኳ ዘፈን ባይባል፣ ዝማሜውና ወረቡ፣ የመቋሚያው፣ የጸናጽሉና የከበሮው አያያዝ በመሪጌታ ፊት በብዙ ዓመት የሚጠና ትምህርት ነው፤ ለዚህም የጎንደር በአታ ስመ ጥር ናት። ተማሪው ጎልማሳ ቢሆን የሚነቅፈው የለም፤ መሳሳትም የትምህርቱ ክፍል ነው። በዓለማዊው ጭፈራ ግን እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት አልነበረም።

ይህን ጉድለት በከፊል የሞላው መድረክ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ እንዲሁም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የየአውራጃውን ጭፈራ ለከተማው ሕዝብ አሳዩ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ፋብሪካዎች ሲወረሱና ቀበሌዎች ሲቋቋሙ በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የኪነት ቡድን ተደራጀ። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ አንድ ወጣት በአንድ ምሽት የአራትና የአምስት ብሔረሰብ ልብስ እየለዋወጠ ይጨፍር ነበር። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ዛሬ ሽማግሎች ስለሆኑ፣ በሰርግ ላይ የሌላውን ሕዝብ ጭፈራ ሳያፍር የሚጨፍር አዛውንት ሲገኝ ያለፈ ታሪኩን መጠየቅ ይገባል። ዛሬ ደግሞ ብዙ ሰው የሚማረው በስልክ መስኮት የዘፈን ምስል እያየ ነው።

መድረክና የምስል መሣሪያ የሚሰጡት ትምህርት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ጉድለት አለበት። በመድረክ ላይ ተወዛዋዦቹ በመስመር ቆመው ፊታቸውን ወደ ተመልካች ያዞራሉ፤ ሁሉም በአንድነት ይጀምራሉ፤ በጥቂት ደቂቃም ይጨርሳሉ። በሰርግ ቤት ግን ሰው ፊቱን የሚያዞረው ወደ ባለ አንጻሩ ነው፤ ሲጠራ ይገባል፤ ሲጠግብ ወይም ሌላው ሲመጣ ይለቃል። ስለዚህ ከመድረክ የተማረ ሰው እርምጃውን ያውቀዋል፤ መቼ እንደሚገባ፣ ለማን እንደሚጨፍር፣ እንዴት እንደሚወጣ ግን አያውቅም። ከላይ ከጠቀስናቸው ሦስት ጥያቄዎች ሦስተኛውን መድረክ አይመልሰውም።

ስለ ቅልቅል

ይህ ጉድለት የሚታየው የሁለቱ ወገን ዘመዶች በሚገናኙበት በቅልቅሉ ዕለት ነው። ነገሩን ለማስረዳት አንድ አባወራ በአሳባችን እናቁም። ተወልደው ያደጉት በጎጃም ነው፤ በወጣትነታቸው አቃቂ መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ሥራ አርጅተዋል። አሁን ልጃቸው ከገላን በኩል ከሆነ የኦሮሞ ቤተሰብ ሚስት አግብቷል። በቅልቅሉ ዕለት ሁለቱ አባቶች በአንድ ድንኳን ይገናኛሉ። የኦሮሞው ወገን ጋብቻ ያገናኘውን ዘመድ «ሶዳ» ይለዋል፤ ሶዳነት ደግሞ በከንፈር ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

አባወራው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በማታ በር ዘግተው ታናሺቱን ልጃቸውን አስተምሪኝ ይሏታል። ልጅቱ ከኦሮሞ ልጆች ጋር ያደገች ናት። «አባባ፣ ትከሻዎን ያሳርፉት፤ መሬቱን ይርገጡ» ትላቸዋለች። ልጅ አባቱን ሲያርም የቤቱ ሥርዓት ለጊዜው ይገለበጣል፤ ይህንንም መታገሥ የትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍያ ነው። «ካልደፈረሰ አይጠራም» እንደሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹ ማታዎች እግርና ትከሻ ተደባልቀው የሚታወኩባቸው ናቸው።

ዕለቱ ደርሶ ረገዳው ሲጀመር የሙሽራዪቱ አባት ዱላቸውን ይዘው ይነሣሉ። ወደ አባወራው ቀረብ ብለው፣ ጥቂት ረግጠው፣ ፊታቸውን አቅንተው ይጠብቃሉ። ይህ ጥሪ ነው። ከመድረክ የተማረ ሰው ጥሪ መሆኑን ላያስተውለው ይችላል፤ አባወራው ግን ይነሣሉ። እግራቸው ሁለት ጊዜ ይስታል፤ በሦስተኛው ትከሻቸው ሳይታዘዝ ይወርዳል፤ እልልታው ግን ይቀልጣል። ባለ አንጻራቸው ለእንግዳው ሲሉ ምቱን ያዘገዩላቸዋል። ጥቂት ቆይቶም የሙሽራዪቱ አባት በተራቸው ትከሻቸውን ሰበቅ ያደርጋሉ፤ ይኸውም ለጎጃሙ ሰው በራሱ ቋንቋ የተሰጠ መልስ ነው።

አንባቢው እዚህ ላይ እንዲያስተውል የምንፈልገው ነገር አለ። በዚያ ሰዓት የተመዘነው ጥራት አይደለም። አባወራው ፍጹም አድርገው ቢጨፍሩ ኖሮ ሰዎቹ ያደንቋቸው ነበር፤ ተሳስተው ስለ ጨፈሩ ግን ዘመድ ሆኑ። ምክንያቱም ስሕተቱ ራሱ «ይህ የእኔ አልነበረም፤ ስለ እናንተ ብዬ ተማርሁት» የሚል ንግግር ስለሆነ ነው። ተቀምጦ የሚያጨበጭብ ሰው ይህን ሊናገር አይችልም። በአንጻሩ ደግሞ የማያውቁትን ጭፈራ ለማሣቅ ብለው የሚያጋንኑ አሉ፤ የእነርሱ ስሕተት ግን ከፌዝ ይቈጠራል፤ ሽማግሎችም ወዲያው ይለዩታል። ልዩነቱ በእንቅስቃሴው መጠን ሳይሆን ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ይታወቃል። ለመማር የመጣ ሰው የባለ አንጻሩን እግር ያያል፤ ለፌዝ የመጣ ሰው ግን ተመልካቹን ያያል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ለጥናት የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የጭፈራ ጥናት ዐዋቂውን ብቻ መግለጥ አይበቃውም፤ ጀማሪውን ከዐዋቂው አጠገብ አስቀምጦ ስሕተቱንና እርማቱን መመዝገብ ይገባዋል። በተለይም የሚያርመው ሰው የሚናገረው ቃል፣ «አሳርፍ»፣ «ጣለው»፣ «ርገጥ» የሚለው፣ ባለቤቱ ስለ ጭፈራው ያለውን ዕውቀት በቃል የሚያወጣበት ጊዜ ነውና እንደ ተነገረ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከመድረክና ከምስል የተገኘውን ከሰርግ ቤት ከተገኘው መለየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉና። ሦስተኛ፣ እንደ አቃቂ ቃሊቲ ያለው የከተማ ዳርቻ «ንጹሕ» ጭፈራ የጠፋበት ስፍራ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። በገጠር ሕጉ ሳይነገር ይኖራል፤ እዚህ ግን አንዱ ለሌላው ማስረዳት ግድ ስለሚሆንበት ይነገራል።

በመጨረሻም ለከፍተኛ ተማሪዎች የምናሳስበው፣ የሚያጠኑትን ጭፈራ ራሳቸው እንዲማሩት ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዞ በድንኳኑ ጥግ የቆመ ሰው እንቅስቃሴውን ይቈጥራል። ደብተሩን አስቀምጦ የገባ ሰው ግን ይሳሳታል፤ ሲሳሳትም ይታረማል፤ ባረሙትም ጊዜ ከጠየቀው በላይ ይነግሩታል።